እትዬ ጥሩወርቅና ከእጃቸው የወጣው ፋይል

የእትዬ ጥሩወርቅን ሞት የሰማሁት በቴሌግራም ነው። እሳቸው ቢያዩት ይቆጡ ነበር። የድሮ የሥራ ባልደረቦች የምንገናኝበት ግሩፕ ላይ አንዷ ጉርድ ፎቷቸውን ለጥፋለች፤ ከሥሩ የቤት ቁጥራቸውን፣ የልጃቸውን የማርታን ስልክ፣ ተኝተው የነበሩበትን ክፍልና የያዛቸውን በሽታ ሳይቀር ዘርዝራዋለች። ግሩፑ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹን አላውቀውም። "ነፍስ ይማር" የሚለው መልእክት ሲግተለተል፣ እኔ መጀመሪያ የሰማሁት የእሳቸውን ድምፅ ነው፤ "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ለማን ነው የምትናገሪው? ለቀባሪ የሰፈሩ ስም አይበቃውም?" ሲሉ።

ሐዘኑ ቆይቶ መጣ። ስታዲየም የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ተራዬ ደርሶ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ "ወንድም፣ አትሄድም እንዴ?" ብላ ፊቴን አየችና ሶፍት አወጣችልኝ። ያኔ ነው እያለቀስኩ መሆኑን ያወቅሁት።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ስለ ደግ ሰው የሚጽፍ ሁሉ አንባቢ እሱንም ደግ አድርጎ እንዲያየው ይፈልጋል። እኔ አይደለሁም። እትዬ ጥሩወርቅ እንጀራቸውን ያጡት በእኔ ጥፋት ነው፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ሳልጠይቃቸውም ሞቱ። ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

የተዋወቅነው ካዛንቺስ ነው። ከአንድ ሥጋ ቤት ጀርባ፣ ከድሮዎቹ ግቢዎች በአንዱ፣ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ የትርጉም ቤት ነበር። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የውርስ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ምን የማይመጣ አለ! ባለቤቱ አቶ ግርማ ናቸው። እኔ ተርጓሚ ነበርኩ፤ ኮምፒውተር እምቢ ሲልም የምጠራው እኔው ነኝ። ፋይሉን ሁሉ የሚይዙት ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው አቶ ግርማ ለምነው ያመጧቸው።

አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ መነፅራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። ወረቀት ሲገልጡ ጣታቸውን በምራቅ አያርሱም፤ በቆርቆሮ ክዳን ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ነበራቸው። እኔ ተሳስቼ ጣቴን ስልስ ካዩኝ "በሰው የጋብቻ ወረቀት ላይ ምራቅ? ነውር አይደለም?" ይሉኛል። ደንበኛ በስሙ አይጠሩም። "ባለ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይግቡ" ነው የሚሉት። ተራ የሚጠብቀው ሰው እየተያየ ይስቃል። እሳቸው ግን አንድም ቀን አልሳቁም።

አንድ እሑድ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አብረን ስንወጣ አንዲት ደንበኛችን ከሌላ ሴት ጋር በአጠገባችን አለፈች። ከሦስት ቀን በፊት የፍቺ ወረቀቷን ይዛ እትዬ ጥሩወርቅ ፊት ስታለቅስ የነበረች ሴት ናት። እሳቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። ኮራ አሉ እንዴ ብዬ ገረመኝና ጠየቅኳቸው።

"ሰላም ካሉኝ ሰላም እላለሁ። ካላሉኝ አላውቃቸውም" አሉኝ። "አጠገቧ ያለችው አማቷ ትሁን እህቷ በምን አውቃለሁ? 'ይቺን ሴትዮ ከየት አወቅሻት?' ብትባልስ?"

ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ሱፍ ግጥም ያደረገ ሰውዬ መጥቶ የወንድሙን የውርስ ወረቀት ግልባጭ ጠየቀ።

"ወንድምዎ ይምጡ" አሉት።

"ታሟል።"

"እግዜር ይማራቸው። ሲሻላቸው ይምጡ።"

"ካልተሻለውስ?"

"ያን ጊዜ እርስዎ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። እስከዚያ ግን ለወንድምዎ እንጸልይ" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሰውዬው አቶ ግርማን ይዞ ተመልሶ መጣ። ለአቶ ግርማም ያንኑ መለሱላቸው፤ አንድ ቃል አልቀየሩም።

አንድ ትልቅ የመዝገብ ደብተር ነበራቸው። ፋይል ማን እንዳወጣ፣ መቼ እንዳወጣ፣ መቼ እንደመለሰ እዚያ ላይ ይፈረማል። የጠፋ ነገር ሲኖር ከመፈለግ በፊት "ከእጅ ወጥቷል" ተብሎ ይጻፋል፤ ቀንና ሰዓት ይሰፍራል፤ ኃላፊው ይፈርማል። እኔ ይህ ነገር አይገባኝም ነበር። ቆይ እንፈልገው፣ ምናልባት ጠረጴዛ ሥር ወድቆ ይሆናል፣ ለምን ራሳችንን እናዋርዳለን እላቸው ነበር። "ካልጻፍከው ትደብቀዋለህ" ይሉኝ ነበር። "አውቅሃለሁ፣ አንተ ብቻ አይደለህም፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ከጻፍከው ግን ለመፈለግ ራስህ ትቸኩላለህ።"

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። ይፈርሳል ሲባል ስለኖረ ማንም አላመነም ነበር፤ አንድ ቀን ግን ቤቶቹ ላይ ምልክት ተደረገ፣ ሥጋ ቤቱ መንጠቆውን ነቀለ፣ እኛም ባምቢስ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየን። መደርደሪያዎቹ አይገቡም። አቶ ግርማ "ቢኒ፣ ምን ይሻላል?" አሉኝ። እኔም ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ ሁሉንም ስካን አድርገን ክላውድ ላይ እናስቀምጠው አልኩ። ወረቀቱን ለየባለቤቱ መልሰን ቅጂው ብቻ እኛ ጋ ይቆይ። ኢንተርኔት ባለበት ሁሉ ይከፈታል፤ ቤት ቢፈርስ፣ ኮምፒውተር ቢሰረቅ አይነካም። ተናግሬ ስጨርስ ራሴን በጣም አደነቅሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "ክላውድ ማለት በአማርኛ ደመና ማለት ነው" ብዬ ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

"ስሙን ተወው። ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

ቁልፉ ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ተለጥፎ ነበር። አቶ ግርማ የልጃቸውን ስምና አንድ ሁለት ሦስትን ፓስወርድ አድርገው፣ ሁላችንም በዚያው እንድንገባ በቢጫ ወረቀት ጽፈው ለጥፈውታል። እትዬ ጥሩወርቅ ወረቀቷን ላጥ አደረጉና አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት። "እኔ የቤቴን ቁልፍ በሩ ላይ አልሰቅልም" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት ነሱኝ። ሁላችንም በአንድ ስም ከገባን ማን ምን እንዳየ በምን ይታወቃል? ለየሰዉ የየራሱ ስምና ፓስወርድ አወጣሁ። ተላላኪያችን የሰው የፍቺ ወረቀት ምን ያደርግለታል? ለየሰዉ የሚያስፈልገው ብቻ እንዲከፈት አደረግሁ። ፓስወርዱን ሰው ቢሰርቀውስ? በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ኮድ ጨመርኩ። የሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፤ ኮዱ ሲመጣላቸው መነፅራቸውን ያደርጉና፣ ከእኔ እንኳ ሳይቀር በመዳፋቸው ከልለው አንድ በአንድ ይጽፉታል። "እትዬ፣ ኮዱን የሚልክልዎት እኮ እኔ የሠራሁት ነገር ነው" እላቸዋለሁ። "ይሁና" ይሉኛል፣ መዳፋቸውን ሳያነሱ።

ቀጥሎ ክላውዱ ቢጠፋስ አሉ። አይጠፋም አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ሕንፃም አይፈርስም ተብሎ ነበር አሉኝ። አንድ ተጨማሪ ቅጂ በሃርድ ዲስክ አድርገን አቶ ግርማ ቤት እንዲቀመጥ ሆነ። ይህም አልበቃቸውም፤ በየዓርቡ ሃርድ ዲስኩን አስመጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ቁጥር ይጠሩና "ክፈተው" ይሉኛል። ከተከፈተ ደብተራቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። አንድ ዓርብ አልከፈት አለ። ለካ ለሦስት ሳምንት ቅጂው በትክክል ሳይገለበጥ ቆይቷል። ሲቆጡኝ እየጠበቅሁ "እንኳን አየነው" ብቻ አሉኝ።

ሰኞ ሰኞ ደግሞ በሳምንቱ ማን የትኛውን ፎልደር እንደከፈተ የሚያሳየውን ዝርዝር አትሜ እሰጣቸዋለሁ። በእስክሪብቶ አንድ በአንድ እየነኩ ያዩታል። እኔ ለጓደኞቼ እያወራሁ የምስቅበት ነገር ይህ ነበር። ሰባ ዓመት የተጠጉ ሴትዮ፣ ቴሌግራም የሌላቸው፣ ኮምፒውተር ይቆጣጠራሉ እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሌላ ድርጅትም ሠርቻለሁ፤ ስለ መረጃ ጥበቃ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ስላይድ ላይ ያየሁት ሁሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከመዝገብ ቤት ይዘውት የመጡት ነው።

ሰናይት የምትባለው ደንበኛ የመጣችው ባምቢስ ከገባን በኋላ ነው። ባሏ ይደበድባት ነበር። ፍቺ ፈጽማ፣ ሜላት የምትባል የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ፣ ማንም ሳያውቅ ላንቻ ውስጥ ቤት ተከራይታ ነበር። ፎልደሯ አራት መቶ አሥራ ስምንት ነው። ውስጡ የፍቺው ውሳኔ፣ የልጅቷ የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤና የአዲሱ ቤት የኪራይ ውል ነበሩ። የኪራይ ውሉ ላይ የቤት ቁጥሩ ተጽፏል።

ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች። የውሳኔው ትርጉም ለጠበቃዋ እንዲላክላት ነው የፈለገችው፤ አንዲት ወረቀት ብቻ። ወረቀቷን ለይቼ፣ የጠበቃውን ስም አስገብቼ፣ ለእሱ ብቻ እንዲከፈት አድርጌ መላክ ነበረብኝ። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ጓደኞቼ ስታዲየም እየጠበቁኝ ነበር። ፎልደሩን እንዳለ "ሊንኩን የያዘ ሁሉ ይክፈተው" በሚለው አደረግሁና ላክሁት። ሰኞ እዘጋዋለሁ ብዬ ነበር። ጠበቃው ውሳኔውን ለባልየው ወገን ማስተላለፍ ስለነበረበት፣ ሊንኩን እንዳለ አስተላለፈው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ጥሩወርቅ ዝርዝሩን ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። እስክሪብቶው አንድ መሥመር ላይ ቆሟል።

"ቢኒ፣ ባለ አራት መቶ አሥራ ስምንትን ቅዳሜ ዕለት ሰባት ጊዜ የከፈተው ማነው? ስም የለውም።"

ወዲያው ገባኝ። አፌ ግን ቀደመኝ፦ "ሲስተሙ ነው እትዬ።"

"ሲስተሙ?"

"አዎ፣ ማለቴ፣ አንዳንዴ ራሱ ይከፍተዋል፣ ለማስተካከል ምናምን።"

በዚህ ከተማ ሲስተም የማይሸከመው ጥፋት የለም። በየመስኮቱ "ሲስተም የለም" ሲባል እየሰማን አድገናል፤ እኔም የለመድኩትን ነው ያልኩት። እትዬ ጥሩወርቅ ከመነፅራቸው በላይ አዩኝ። የማያምኑት ሰው ቢሆን ኖሮ "አሳየኝ" ይሉ ነበር። ለአቶ ግርማ እንኳ ይሉ ነበር። "እሺ" አሉና ምልክታቸውን አድርገው ሄዱ። አመኑኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ሳያጣሩ ያለፉት እሱን አንድ መሥመር ብቻ ነው።

ዞር ሲሉ ሊንኩን ዘጋሁት። ዘጋሁት እኮ፣ በቃ፣ አልኩ ለራሴ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ለራሴ ጉዳይ ሲሆን ግን አልመጣልኝም። ማክሰኞ ምሳ አብረን በላን። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው "ከስተሃል፣ ብላ" አሉኝ። በላሁ። ሥራ በዝቶ ነበር፣ እየሳቅን ነበር። በዚያ ቀን በየትኛውም ሰዓት ስልክ ማንሳት እችል ነበር።

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ገቡ። ነጠላቸውን እንኳ አላወረዱም።

"ሳስበው አደርኩ" አሉኝ። "ሲስተም አንድ ወረቀት ሰባት ጊዜ ምን ያደርግለታል? ደጋግሞ የሚያይ ሰው ነው።"

ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ዓርብ ያደረግሁትን፣ ሰኞ የደበቅሁትን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮኹም። ደብተራቸውን አወጡና "አራት መቶ አሥራ ስምንት ከእጅ ወጥቷል" ብለው ጻፉ፤ ሰዓቱን አስፍረው ፈረሙ።

"የኔን ስም ይጻፉ እንጂ" አልኳቸው።

"መዝገብ ቤቱ ያንተ ነው እንዴ?" አሉኝ።

አቶ ግርማ ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ። "እትዬ፣ እባክዎ፣ ምናልባት ማንም ምንም አላደረገም። ብንነግራት ትከሰናለች፣ ወሬው ይወጣል። በቃ ማን ወረቀቱን ያምነናል ከዚህ በኋላ?"

"ያመነችንማ እሷ ናት" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "ይደውሉላት።"

"ማንም አይደውልም አልኩ! አይደል ቢኒ? ትንሽ ቢጠበቅ አይሻልም?"

እኔን አዩኝ። ሁለቱም አዩኝ። እኔ የኮምፒውተሩን የቁልፍ ሰሌዳ አየሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ በገዛ ስልካቸው ደወሉ፤ ስልኩ አይነሳም። የሰናይትን የቤት ቁጥር ከኪራይ ውሉ ላይ ገልብጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። በመስኮት ቁልቁል ሳይ መንገዱን ሲሻገሩ አየኋቸው፤ ወደ ስታዲየም የሚሄድ ታክሲ አስቁመው ገቡ። ተከትዬ ልወርድ እችል ነበር።

የተመለሱት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ባልየው ጠዋት፣ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል፣ በር ላይ ጠብቆ ገብቷል። ጎረቤት እስኪደርስ የሰናይትን ግራ ክንድ ሰብሮታል። እትዬ ጥሩወርቅ ሲደርሱ ጎረቤቶቿ ክንዷን በሻሽ አስረው ወደ ሆስፒታል ሊወስዷት ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ይህን ሁሉ የነገሩን በሁለት በሦስት ቃል ነው። እሷ ምን እንዳለቻቸው፣ እሳቸውም ምን እንዳሏት አልነገሩንም።

አቶ ግርማ በዚያው ዕለት "እትዬ፣ ከነገ ጀምረው ይረፉ" አሏቸው። ለደንበኛ ስለተናገሩ ነው። እሳቸው አልተከራከሩም፤ ርክክብ ይደረግ ብቻ አሉ። ደብተሩን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ የቁልፎቹን ዝርዝር በሦስት ኮፒ አዘጋጁ። ተረካቢው እኔ ሆንኩ። "ተረክቤያለሁ" ብዬ ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ሳስታውስ ነው አሁን የሚያመኝ።

ደረጃው ድረስ ሸኘኋቸው። የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቆሙና "ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ሰኞ አምኜ አልፌያለሁ። ሂድና ራስህ ንገራት" አሉኝ።

"እሺ እትዬ።"

"መቼ?"

"ሰሞኑን።"

አልሄድኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ሆስፒታል ናት ብዬ፣ በሁለተኛው ቤት ቀይራለች ብዬ፣ በወሩ ደግሞ አሁን ቁስሏን መነካካት ነው ብዬ ተውኩት። አቶ ግርማ ደመወዝ ጨመሩልኝ፤ ዝም ስላልኩ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ከጥቂት ወራት በኋላ ለቅቄ ሌላ ቦታ ገባሁ። አንድ ቀን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ እትዬ ጥሩወርቅ ከፊት ለፊቴ ሲመጡ አየሁ። አዩኝ። ሰላም አላሉኝም፤ ረጋ ብለው ሰላም እስክላቸው ጠበቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። እንደገና በሕይወት አላየኋቸውም።

ለቅሶው ቂርቆስ፣ ቤታቸው ደጅ በተተከለ ድንኳን ነበር። ማርታን ዓይኔን ሳላነሳ አጽናናሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ አንዲት ልጅ ማርታ ጭን ላይ ተደፍታ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ታለቅሳለች። የልጅ ልጃቸው ትሆን ብዬ አጠገቤ ያሉትን አባት ጠየቅኳቸው።

"የለም፤ ትምህርት ቤት ያደርሷት የነበረች ልጅ ናት። እናቷ ያቻትና" አሉኝ።

እናትየው ሻይ ለሰው እያደለች ነበር። ትሪውን በቀኝ እጇ ይዛዋለች፤ ግራ ክንዷ በደንብ አይዘረጋም። ሰናይት ናት። ተነስቼ ልወጣ ስል ደርሳ ብርጭቆ ሰጠችኝ፤ ባዶውን ትሪ አስቀምጣም አጠገቤ ተቀመጠች።

"አንተ ትርጉም ቤቱ የነበርከው አይደለህም?"

"ነኝ።"

"ያን ቀን ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ?" አለችኝ። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰደብኳቸው። 'ልጄን ልታስገድይብኝ ነበር' አልኳቸው። እሳቸው 'ፋይልሽ ከእኔ እጅ ነው የወጣው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው' ይሉኛል፤ ሌላ ነገር የለም። በነጋታው አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። 'ልጅቷን እኔ ላድርሳት፤ ሰውየው እኔን አያውቀኝም' አሉኝ። ዘጋሁባቸው። ሄዱ ስል ለካ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ሜላትን ሰጠኋቸው።"

"እስከ መቼ?"

"ትምህርት ቤት እስኪዘጋ። ከዚህ ላንቻ ድረስ በየቀኑ፣ ጠዋትም ማታም። ቤት ከቀየርን በኋላም እየመጡ ያዩን ነበር።" በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "በኋላ ሳስበው፣ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ ሴትዮ ሊንክ ከየት ይልካሉ? ጠየቅኳቸው። 'የላከው ልጅ አለ፤ ስሙን እኔ አልነግርሽም፣ ራሱ መጥቶ ይነግርሻል' አሉኝ። ባለፈው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ሄጄ 'እትዬ፣ ያ ልጅ እኮ ቀረ' ብዬ ቀለድኩባቸው። 'ይመጣል' አሉኝ።"

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"ስትገባ አውቄሃለሁ።" ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። "ተወው አሁን። ቸኩሎ ነው ብለውኛል። ማንም ይቸኩላል፣ ማንም ይሳሳታል። እኔ ያን የላከውን ልጅ ይቅር ካልኩት ቆየሁ።"

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ስለ ሰኞ እንዳልነገሯት ገባኝ፤ የእኔን ዓርብ ብቻ ነግረዋት፣ ሰኞዬን ይዘውልኝ ሄደዋል። አሁን እኔ ዝም ካልኩ የሚያውቅ ሰው ምድር ላይ አይኖርም። የእሷ ይቅርታ ደግሞ ሙሉውን ለማያውቅ ሰው የተሰጠ ስለሆነ፣ ልወስደው አልቻልኩም።

"ሰኞ ዕለት አውቄ ነበር" አልኳት። "ሰው እንዳየው አውቄ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ጠይቀውኝ ዋሸኋቸው።"

ዞር ብላ አየችኝ። ቀኖቹን በልቧ ስትቆጥር ከፊቷ ላይ አየሁት። ቀኝ እጇ የማይዘረጋውን ክንዷን ያዘ። ማዶ ያለችውን ልጇን አየቻት፤ ከዚያ እንደገና እኔን።

"ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርኩ" አለችኝ። "ስልኬም ክፍት ነበር።"